ደጋንዮስ የነገሠበት ቅዳሜ

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመቱ ደሴ ውስጥ ለመምህርነት እሠለጥን ነበር። የሳይኮሎጂ መምህራችን አንድ ቀን፣ «ሰው አላውቅም ብሎ ከሚያፍር፣ ያላየውን አይቻለሁ ማለት ይቀለዋል» አሉን። እኔ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። አብራኝ የምትኖረው የደጋን ልጅ ግን በክርኗ ጎሸም አድርጋኝ፣ «እንሞክረው» አለችኝ።

ለዚህ የሚመች ነገርም ነበረ። ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወርደን ከዚያ ካሉ ተማሪዎች ጋር በጠቅላላ ዕውቀት ልንወዳደር ነው፤ የዓለም ታሪክ ጥያቄዎችን የምናዘጋጀው ደግሞ እኔና እሷ ነን። ለራሳችን ተወዳዳሪ እንኳ ሳንነግር፣ አልጋ ላይ ተጋድመን አንድ ንጉሥ ፈጠርን። የጓደኛዬን አገር ስም ወሰድንና «ዮስ» ቀጠልንበት፦ ደጋንዮስ። «ንጉሥ ደጋንዮስ የነገሠው በየት አገር ነው?» ብለን ጻፍን። መልሱ ላይ ደግሞ፦ «እንዲህ ያለ ንጉሥ የለም። አላውቅም ያለ ሁለት ነጥብ ያገኛል።»

«ደጋን እኮ ለኮምቦልቻዎች አፍንጫቸው ሥር ናት፤ ይነቁብናል» አልኳት።

«አብሽሪ! ወላሂ አንድም ሰው አይነቃም።»

ቅዳሜ ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። እኛ በደሴ ሹራባችን የኮምቦልቻ ሙቀት ያቀልጠናል። ዳኛው ከራቫት ያሰሩ የታሪክ መምህር ናቸው። ጥያቄው መጀመሪያ የደረሰው ለእኛ ተወዳዳሪ ነበር። ልጅቷ ትንሽ አሰበችና «አላውቅም» አለች። ደስ አለኝ። የኮምቦልቻው ልጅ ግን ተራው እስኪደርስ እንኳ ሳይጠብቅ «ሮም!» ብሎ ጮኸ።

ዳኛው የመልሱን ወረቀት ሳይገልጡ፣ «ትክክል! ከግሪኮችም ጋር ተዋግቷል» አሉ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ጓደኛዬ የሹራቧን እጅጌ ነክሳ በሳቅ ትንፈራፈራለች። እኔም ስቄ ሳልጨርስ ውጤቱ ተነገረ፤ በዚያች ጥያቄ ተሸነፍን። ተወዳዳሪዋ ልጃችን አንገቷን ደፋች።

ተነሥቼ ወደ ዳኛው ሄድኩ። «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የደጋንዮስን ጥያቄ መልስ አላዩትም።»

ወረቀቱን ገልጠው አነበቡ። ፊታቸው በርበሬ መሰለ። አጣጥፈው ኪሳቸው ሊከቱት ሲሉ እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞሩ።

«ልጆች፣ ደጋንዮስ የሚባል ንጉሥ የለም። እኔም አላውቀውም ነበር፤ አላውቅም ማለት አፍሬ ነው።»

የኮምቦልቻው ልጅ ብድግ አለ። «ኧረ አለ! አንብቤዋለሁ!»

«የት?»

«በወንድሜ ደብተር!»

መምህሩ ራሳቸው እንባ በእንባ እስኪሆኑ ሳቁ። ሁለቱ ነጥብ ወደ እኛ ዞረ፤ ለሽልማት የተዘጋጀውም መዝገበ ቃላት ለልጃችን ተሰጣት።

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ልጃችን በእኔና በጓደኛዬ መካከል ተቀምጣ መጽሐፉን አቅፋለች። የሐረጎን ዳገት እስክንወጣ ቀና ብላ አላየችንም። ተቆጥታለች ብዬ ይቅርታ የምጠይቅበትን ቃል ስፈልግ ቆየሁ። ድንገት ወደ እኔ ዞራ በጆሮዬ እንዲህ አለችኝ፦

«እውነቱን ንገሪኝ፤ እነዚያ በትክክል የመለስኳቸው ነገሥታትስ በርግጥ ነበሩ?»