ልጄን ገደል አፍ ያስቀመጣት ግጥም

ጉሙ ገለጥ ሲል ልጄን ገደሉ አፍ ላይ አየኋት። እግሮቿን ቁልቁል ለቃ፣ ዓይኗን ጨፍና ተቀምጣለች። ጥጃ ፍለጋ ነበር የወጣሁት፤ ጥጃውንም ረሳሁት። ብጠራት ትደነግጣለች፣ ብሮጥ ጭቃው ያንሸራትተኛል። አንኮበር ላይ ያደገ ሰው ያ ጠርዝ እንዴት እንደሚያዳልጥ ያውቀዋል። በግ እንኳ እዚያ ሲደርስ ይመለሳል።

ለፋሲካ ነበር ከደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት የመጣችው። አስተማሪዋ አንድ የፈረንጅ ግጥም ሰጥቶ፣ ተፈጥሮ የልጅን ልቡና እንዴት እንደሚገዛ ተንትናችሁ አምጡ ብሏቸዋል። ማታ እራት ላይ ባማርኛ ነገረችን። አንዲት ልጅ ብቻዋን ተራራ ትወጣለች፤ ነፋሱ ያናግራታል፣ ጭጋጉ ያስፈራታል፤ ፍርሃቱ ልቧን ያሰፋዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚያሳድጋት ተራራው ነው። እኔ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደግም የተዳርኩ ነኝ፤ ቢሆንም ነገሩ አንገሸገሸኝ።

«እናቷስ የት ሄዳ?» አልኩ።

«ግጥሙ ውስጥ እናት የለችም፣ እማዬ።»

«ታዲያ ማን አጠባት? ነፋሱ?»

ልጅቷ በሳቅ ፈረሰች። አባቷ ግን አልሳቁም። ቄስ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ቅኔ ተምረዋል።

«እኛም ቅኔ ስንቆጥር ከሰው ተለይተን ዱር ለዱር ነበር የምንውለው» አሉ። «ግጥም ምድጃ ዳር ተቀምጠው አይፈቱትም። ትውጣ፣ ብቻዋን ትዋል።»

«እርስዎ የዋሉበት ዱር እንደኛ ደጅ ገደል ነበረው?»

እጃቸውን ታጥበው ከመሶቡ ተነሱ። ሲነጋ ለፈረንጅ ግጥም ልጃቸውን እንደ ቅኔ ተማሪ አሰማሯት።

አሁን ያቺው ልጅ ፊቴ ገደል ላይ ናት። በሆዴ ተሳብኩ። ጭቃው አፌ ገባ። ከኋላዋ ስደርስ መቀነቷን በሁለት እጄ ጨብጬ ወደ ኋላ ጎተትኳት፤ ደረቴ ላይ ወደቀች።

«እማዬ! ልትገድይኝ ነው?»

«እኔ ነኝ የምገድልሽ?»

«ፍርሃቱ ሲመጣ ምን እንደሚሰማኝ ልጽፍ ብዬ እኮ ነው።»

«እና መጣልሽ?»

«አልመጣም። በረደኝ ብቻ።»

«ለኔ መጥቶልኛል። እሱን ጻፊ! ልብ አያሰፋም በይ። ጉልበት ያብረከርካል፣ ሆድ ይገለብጣል በይ።»

አፌ ውስጥ የቀረውን ጭቃ ተፋሁት፤ ግጥሙንም አብሬ የተፋሁት መሰለኝ። ልጅ አሳድጎ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይጽፍም። ነፋስ ልጅ አያሳድግም፤ ሲጥላት እንኳ ዞር ብሎ አያይም።

መቀነቷን ሳልለቅ ዳገቱን ወጣን። አባቷ በር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ።

«እህ፣ ተፈታልሽ?» አሏት።

እሷ ጭቃ በጭቃ የሆነውን ቀሚሷን አራገፈች። እኔም በአጠገባቸው አልፌ አስገባኋትና እሳቸውን ደጅ ትቼ በሩን በመወርወሪያው ዘጋሁት።  ቤታችን ገብተናል፤ ልጄ በሕይወት አለች፤ ተርፈናል።