የቀለሙ ቆርቆሮ

ያኔ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባል ሰፈር ባለች አንዲት ትንሽ ቲያትር ቤት የተዋናዮች ልብስ እሰፋ ነበር። ስፌት ማንም አላስተማረኝም፤ እየተረተርኩ እየሰፋሁ ነው የለመድኩት። በዚያ ዓመት የተመረጠው በእንግሊዞች ቅኝ ግዛት ዘመን የተጻፈ የዘፈን ቲያትር ነው። ነጮች ፊታቸውን ጥቁር ተቀብተው፣ አፍሪካዊ ነን እያሉ ሕዝብ ያሳቁበት። አዘጋጁ፣ ደግ ፈገግታ ያለው ነጭ ሰውዬ፣ "እኛ ግን እውነተኛ አፍሪካዊት እናቀርባለን" አለና በቲያትሩ ውስጥ የአንድ አፍሪካዊ ንጉሥ ሚስት ሁኚልኝ ብሎ ለመነኝ። ንግግር የለኝም፤ ቆሜ መታየት ብቻ።

ታላቅ ወንድሜ ይህን ሲሰማ ለቤተ ክርስቲያናችን ሰው ሁሉ ኮል አደረገ። "እህቴ አክትረስ ሆነችላችሁ! ኑና እዩ!"

ልብሱን ለብሰን በተለማመድንበት ቀን አዘጋጁ አንድ ቆርቆሮ ጥቁር ቀለም ይዞ መጣ። የዚያን ዘመን መልክ እንዲይዝ ፊትሽን ትንሽ እንቀባው አለኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? "እኔ እኮ ጠይም ነኝ! ጥቁር አይደለሁም!" ብዬ ተቆጥቼ ወጣሁ። ቆርቆሮውንም በንዴት ይዤው ቤቴ ገባሁ።

እራት ላይ ይህንኑ ሳወራ ልጄ ሹካዋን አስቀመጠች። "ሶ፣ ማሚ፣ ጠቆር ብትዪ ኖሮ መቀባቱ ኦኬ ነበር?"

አፈርኩ። ቀይ ናት፣ ጠይም ናት እያልን ሙሽራ ስንመርጥ ያደግን ሰዎች፣ መለኪያችንን እዚህም ይዘነው መጥተናል። ያ ቀለም ግን የማንም ቆዳ አይደለም፤ በሁላችንም ላይ መሳለቂያ ነው።

ወንድሜ ደውዬ አልጫወትም ስለው አልገባውም። "ቀለም አይደል? ይታጠባል። ሰው ጠርቻለሁ፣ ምን ልበላቸው?"

"እምቢ አለች በላቸው፣ ጋሼ።"

በማግስቱ ቆርቆሮውን አዘጋጁ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩለት። "ድሮ ይህን የሚቀባው ማን ነበር?"

"ነጭ ተዋናዮች" አለ ቀስ ብሎ።

"እንግዲያው አንተ ተቀባው። እኔ በገዛ ፊቴ አላስቅም።"

"ካልተጫወትሽ ሌላ ልብስ ሰፊ እፈልጋለሁ።"

"ፈልጋ!" ብዬው ወጣሁ። የስፌት መኪናዬ ግን ከባድ ናት፤ እዚያው ቀረች።

ሥራውን ጥዬ መውጣቴን የሰማው ወንድሜ ቅዳሜ ጠዋት ቲያትር ቤቱ ደጃፍ ፓርክ አደረገና ገባ፤ የስፌት መኪናዬን ተሸክሞ አመጣልኝ። ከዚያ ወጥ ቤቴ ቁጭ ብሎ፣ ለጠራቸው ሰዎች አንድ በአንድ እየደወለ እንዳይሄዱ ነገራቸው።