የላንድሮቨሯ እንስራ

ሸዋሮቢት ላይ ቀትሩን ፀሐይ ስትጠበስ የዋለች መኪና በሯ ሲፈታ የምታወጣው ሽታ አለ፤ የጋለ አቧራ፣ የደረቀ ማስቲሽ፣ ትንሽም የሽንኩርት ልጣጭ፣ እኔ ሽንኩርት ጭኜባት አላውቅም ብዬ ብምልም። ትናንት ባለሙያው የበሩን ልባስ ፈልቅቆ ከፋብሪካ ይዛው የመጣችውን ስፒከር ሲያወጣ ያ ሽታ ፊቴን መታኝ። ስፒከሩን የማስቀይረው ዘፈኑ ከቀን ወደ ቀን እየራቀኝ ስለሄደ ነው። ባለቤቴ እታገኝ «ስፒከሩ ምን አደረገህ? የደከመው ያንተ ጆሮ ነው» ብላ ፈርዳብኛለች፤ እኔም ፍርዷን ለማስቀልበስ ስል አዲስ ገዛሁ። ሰው ሲያረጅ በመኪናው ማላከክ ይቀለዋል።

ሽታው ግን ይዞኝ የሄደው ወደ ታላቅ ወንድሜ፣ ወደ ጋሽ ጌታቸው ላንድሮቨር ነው። ከኋላ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ነበሯት፤ በገበያ ቀን በጀውሃ አድርጋ አጣዬ ሰው ታመላልሳለች። ትምህርት ሲዘጋ እኔም አብሬ እሄዳለሁ፤ ሥራዬ ካሴት መገልበጥ ብቻ ቢሆንም ሥልጣኑ ከሹፌሩ የሚያንስ አይመስለኝም ነበር። ስፒከሯ የስኒ ማስቀመጫ የምታክል፣ ድምጿም ጠርሙስ ውስጥ የገባ ዝንብ ነበር። ወንድሜ ሌላ መግዣ ስላልነበረው ከገበያ እንስራ ገዝቶ መጣና ስፒከሯን አፉ ላይ ደፍቶ ከጎማ ውስጥ በወጣ ከመነዳሪ ላስቲክ ጥፍር አድርጎ አሰራት። እናታችን አይታ አይታ «እንግዲህ ውሃውን በካሴት እንቀዳለና» ብላ ገባች።

ድምፁ ግን ሌላ ሆነ፤ ከበሮው ከእንስራው ሆድ ወጥቶ የሰዉን ሆድ ይነካል። ያኔ መንገዱ ከአስፋልቱ ጉድጓዱ ይበዛ ስለነበር፣ እንስራው እንዳይሰበር አንድ ተሳፋሪ በጆንያ ጠቅልሎ ማቀፍ ነበረበት፤ ሰዉም «ዛሬ የማን ተራ ነው?» እየተባባለ ይሳሳቃል።

ጀውሃ ላይ ሎሚ ይዘው የሚሳፈሩት እማማ ዘሃራ ግን ተራ አያውቁም። ጆሯቸው ከተደፈነ ቆይቷል፤ ሰው ሲያነጋግራቸው አፍ አፉን አይተው በግምት ይመልሳሉ። ሌሎች መኪኖች ቆመው ሲጠሯቸው በእጃቸው አሳልፈው የእኛን ይጠብቃሉ። ገብተው «ቢስሚላህ» ይሉና እንስራውን ከታቀፈው ሰው ነጥቀው፣ ደረታቸው ላይ ለጥፈው፣ ዐይናቸውን ጨፍነው ከዘፈኑ ጋር ይወዛወዛሉ። ካሴቱ አልቆ እስክገለብጠው ድረስ እንስራውን በመዳፋቸው ቸብ ቸብ እያደረጉ፣ በዚያ የማይሰማ ሰው ጩኸታቸው፣ «ምነው ዝም አልሽ፣ ተጣላን እንዴ?» ይሏታል። መኪናው ሙሉ ይስቃል፤ እሳቸውም ሳቁን ባይሰሙትም ፊታችንን አይተው አብረው ይስቃሉ።

ዛሬ ጋሽ ጌታቸው የለም፤ እማማ ዘሃራም የሉም፤ ሎሚያቸውን ያራግፉባት የነበረችው አጣዬም በእሳት አልፋ እንደገና ልትቆም ትፍጨረጨራለች። በሚኒባስ ስሄድ ሁሉም የየራሱን ዘፈን ጆሮው ውስጥ ወትፎ በመስኮት ያያል። መንገዱ ተስተካክሏል፤ የሚታቀፍ ነገር ግን የለም፤ አቅፉልኝ ብል እንኳ መጀመሪያ ውስጡ ምን እንዳለ የምጠየቅ ይመስለኛል።

ባለሙያው አዲሱን ስፒከር ገጥሞ ጨርሶ ዘፈን ከፈተልኝ። «ጋሼ፣ ጠራልዎት?» አለኝ፤ ያንንም ያወቅሁት ከከንፈሩ ነው። ዘፈኑ ከወንዝ ማዶ ሆኖ እንደሚጣራ ሰው ነበር። መዳፌን በሩ ላይ ሳሳርፍ በሩ ይንቀጠቀጣል።

«ጨምርበት» አልኩት።

«ጋሼ፣ ይበቃል።»

«ግዴለህም፣ ጨምርበት።»

እታገኝን ከገበያ አሳፍሬ ስመለስ ነጠላዋን ጆሮዋ ላይ ጠምጥማ ተቀመጠች። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ እያየ እጁን ያነሳልኛል። ከተማው ለካ ይህን ያህል ይወደኛል ብዬ እኔም በመስኮቱ እጄን እያወጣሁ፣ ራሴን ዝቅ እያደረግሁ ቤቴ ደረስኩ። ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ ነው እታገኝ ሰዎቹ «ቀንስ» ሲሉኝ እንደነበር የነገረችኝ፤ እሱንም ደግማ ነው የነገረችኝ።