ዋሱን ጥራልኝ!

ታዲያ ያቺ ልብስ አጣቢዋ ጎረቤታችን ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? እጇ እያበጠ በእጅ ማጠብ ቢያቅታት፣ ከአፏ ቀንሳ ማጠቢያ ማሽን ገዛች። ማሽኑ ግን በሳምንቱ ጸጥ! የሰው ልብስ እንደተዘፈዘፈ ቀረ። ደንበኞቿ ሌላ ጋ ከሄዱ ደግሞ ጾሟን ማደሯ ነው።

በጋሪ አስጭና ሱቁ ወሰደችው። ሻጩ የጀርባውን ክዳን ፈታና፣ "እናቴ፣ ውሃ ገብቶበታል። ይሄን ዋስትናው አይሸፍነውም" አላት።

"ልብስ ማጠቢያ ውሃ ካልገባበት ምን ሊገባበት ነው፣ ወተት? ደግሞስ ስትሸጥልኝ 'ዋስትና አለው' አላልክም? ዋሱ ማነው? ጥራልኝ!"

"ዋስትና ማለት እኮ ሰው አይደለም፣ እናቴ።"

"ያለ ዋስ ምን ዋስትና አለ? እንግዲያው ዋሱ አንተ ነህ!" ብላ ማሽኑን በሩ ላይ ገትራ ቁጭ አለችበት። ሊገዛ የመጣው ሁሉ እየሳቀ ተመለሰ። ሻጩ ምን ያድርግ፣ ሌላ አዲስ አውጥቶ ሰጣት።

ጀግና ናት፣ አልዋሽም። ግን አዲሱ ማሽን ልብስ ሲጨምቅ እየዘለለ ወደ በሩ ቢመጣባት፣ ወደ ሱቁ ሊያመልጥ መስሏት ተጠመጠመችበትና "ያዙልኝ!" ብላ ሰፈሩን ጠራች። ደርሰን ስናይ ሁለቱም አብረው ይንዘፈዘፋሉ።