መኪናዬን «ገፊ» እንዳይሏት

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ በደፈናው «ዋሽቻለሁ» ብዬ አለፍኩት እንጂ ማን ላይ እንደዋሸሁ አልተናገርኩም። ዛሬ ለእናንተ እናገራለሁ።

ጡረታ ስወጣ ያለኝን ሁሉ አሟጥጬ አዲስ ሚኒባስ ገዛሁ። ከሸዋ ሮቢት እስከ ካራቆሬ የሚያመላልሳት ሰይድ ነበር፤ ረጋ ያለ፣ ቀልድ የማያጣ ሹፌር። ሥራ በጀመረች ሰሞን ደጄ ድረስ መጥቶ፣ «እትዬ፣ ሙሽራዎ ከነሕመሟ ነው የመጣችው። የፊት እግሯ ይንኳኳል። ጋራንቲው ሳያልቅ ለኩባንያው እንንገር» አለኝ።

እኔ ምን አልኩት? «አፍህን ያዝ!» በእኛ አገር ገና በገባ ሰሞኑ ጉድ የታየበት ንብረት ገፊ ይባላል፤ ባለቤቱን ያጠፋል ተብሎ ይፈራል። ገፊ በተባለች መኪና ማን ይሳፈራል? ጸበል አስረጨኋትና ወደ መንገዷ ተመለሰች። ሰይድ ደግሞ ነገረኝ። ደግሜ ዝም አሰኘሁት።

አንድ የገበያ ቀን፣ ጀውሃ ሊደርስ ሲል ድምጿ ተለወጠበት። አቁሞ ተሳፋሪውን አንድ ሳያስቀር አወረደ። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴትማ ስትሰድበው ነበር አሉ። ባዶዋን ወደ ዳር ሊያወጣት ቀስ ብሎ ሲነዳ እግሯ ተሰብሮ በጎኗ ወደቀች። ከሰይድ ክንድ በቀር የተጎዳ አልነበረም።

ከኩባንያው የመጣው ባለሙያ ስብራቱን አይቶ ጥፋቱ የፋብሪካው መሆኑን አመነ። «የጥገናውን ወጪ እኛ እንችላለን። ግን ችግሩን እያወቁ አስነድተው ከሆነ አይሸፈንም። ሹፌሩ ነግሮዎት ነበር?» አለኝ።

ሰይድ ክንዱን በፋሻ አንጠልጥሎ አጠገቤ ቆሟል።

«አልነገረኝም» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። በዚህ አፌ።

ባለሙያው ወደ እሱ ዞረ። ሰይድ መሬት መሬቱን እያየ፣ «አውቄ ያልነገርኳቸው እኔ ነኝ፤ እሳቸው የሚያውቁት ነገር የለም» አለ።

መኪናዬ በነጻ ተጠገነች። ሰይድን ግን መናኸሪያው «እያወቀ ዝም ያለ» አለው፤ ለረጅም ጊዜ መሪ የሚያስጨብጠው ጠፋ። እኔስ? ሌላ ሹፌር ቀጠርኩ። ዓይኑን እያየሁ እንዴት ላሠራው?

ኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ ቀድሞ ሰላም ያለኝ እሱ ነው። ነገሩን ላነሳ አፌን ስከፍት፣ «እትዬ፣ ሰዉ ወርዶ ነበር እኮ። አልሐምዱሊላህ! የቀረው ብረት ነው» ብሎ ሳቀ።

እኔም በየማለዳው ተመስገን እላለሁ። ያቺ የሰደበችው ሴት ልጇን እጁን ይዛ ገበያ ስትወጣ አያታለሁ። በእኔ ኩራት ሊሞቱ የነበሩ ሰዎች በእሱ ጥንቃቄ ቆመው ይሄዳሉ። እኔንስ ከነፍሰ ገዳይነት ያዳነኝ እሱ አይደለምን?

ሰይድ ሳልጠይቀው ይቅር ብሎኛል። ስለዚህ ለራሴ ምሕረት አልለምናችሁም። የምለምነው ለእሱ ነው፤ መናኸሪያ ላይ ስሙ በክፉ ሲነሳ፣ «ነግሯት ነበር፤ የዋሸችው እሷ ናት» በሉልኝ።