በጋቢ የተጠቀለለው ዱባ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ከሳዑዲ በተመለስኩ በዘጠነኛው ወር፣ ኅዳር ውስጥ ነው። የሰማው ሁሉ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከልቤ ያልወጣው ግን ስለሚያስቅ አይደለም።

ስመለስ ወገቤ ተበላሽቶ፣ እግሬ አብጦ ነበር። ዕድሜዬ ያለቀው የሰው ቤት ስጠርግ፣ የሰው ልጅ ሳሳድግ ነው። ያገባኝ ሰውዬ እኔ እዚያ እያለሁ ሌላ አግብቶ ወለደ። እኔ ሳልወልድ አርባን አለፍኩ። መካነ ሰላም ዳር ያለው እናቴ ቤት ገብቼ ቁጭ አልኩ። ገበያ ውጪ ቢሉኝ አልወጣ፣ ለቅሶ ድረሺ ቢሉኝ አልደርስ። እንዲያው ድክም ብሎኝ ነበር።

እናቴ መቼም ዝም ብላ አታይም። ሰኔ ላይ የዱባ ፍሬ እጄ ውስጥ አስቀመጠችና ጓሮ፣ ድሮ በረት የነበረበት ቦታ ላይ ቅበሪው አለችኝ። ከብቶቹ ካለቁ ቆይተዋል፤ ፍጉ ግን እዚያው ነው። ቀበርኩት። ሐረጉ ክረምቱን ሙሉ ሲሳብ ከረመ። የሠራሁበት ቤት አትክልተኛ አንዱን ፍሬ ብቻ አስቀርቶ ሌላውን ሲቀነጥስ አይቼ ስለነበር፣ እኔም እንደዚያው አደረግኩ። እናቴ ግፍ ነው ብላ ተቆጣችኝ። የቀረው ፍሬ እንስራ ሲያክል ግን ቁጣዋን ረሳችው። በጥቅምት ብቻዬን ላነሳው ቀርቶ ላነቃንቀው አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲያ የእናቴ ጭንቀት የሰው ዓይን ሆነ። ማሻላህ ሳይል የሚያይ አይጠፋም ትላለች። ክርስቲያን ናት፤ ወሎ ላይ ማሻላህ የሁላችንም ነው። በጣት መጠቆም ክልክል፤ የተጠቆመ ዱባ ይበሰብሳላ! ለጎረቤት ማውራትም ክልክል። ጓሮ ምን አላችሁ ሲሏት፣ ምን ይኖረናል ብላ ወሬ ትቀይራለች።

ለኅዳር ጽዮን ዝክር ተስላው ነበርና ከዚያ በፊት አይቆረጥም አለች። ኅዳር ደግሞ የኛ አገር ውርጭ ይታወቃል። እኔ ማታ ማታ ዱባውን በአሮጌ ጋቢ እጠቀልለዋለሁ፣ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ እገልጠዋለሁ። ስንት ዓመት የሰው ልጅ ያስተኛ እጅ አመሉን አይተውምና፣ ጠቅልዬ ስጨርስ ቸብ ቸብ አደርገዋለሁ። እሹሩሩ ማለትም ይቃጣኝ ነበር።

በነዚያ ቀናት እናቴ ከሰው ስትመለስ ፊቷ ይጠቁር ጀመር። ቦኖ ስትደርስ ሴቶቹ ወሬ ያቆማሉ። የማርያም ማኅበርተኞቿ እንኳ ሰላምታ አሳጠሩባት፤ የዝክሩን ጠላ እንጥመቅልሽ ያላት የለም። ምን አጠፋሁ እያለች ስታስብ ታድራለች። በዚህ ዕድሜዋ ከሰው መሃል መውጣት ለእሷ ሞት ነው። እኔ መጣሁና ቤቷን አቀዘቀዝኩት ብዬ እኔም ሌላ ሐዘን ያዘኝ።

አንድ ጠዋት ጎረቤታችን እትዬ ዘሀራ በጨርቅ የተሸፈነ ገበቴ ይዘው ገቡ። የእናቴ እኩያ የሆኑ፣ ልጅ ሆኜ የሚያውቁኝ ሴት ናቸው። አገላብጠው ሳሙኝና "እንኳን ማርያም ማረችሽ" አሉኝ። በኛ አገር እስላሙም ክርስቲያኑም ማርያምን ይጠራል፤ እኔ ስለ ወገቤ መስሎኝ አሜን አልኩ።

ጨርቁን ሲገልጡት ገንፎ ነው። የነቢያት ጾም ገብቷል፤ መሃሉ ላይ ግን ቅቤው ሞልቷል። አራስ አትጾምማ።

"ልጄ፣ ሰው ብዙ ያወራል" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እኔ አባቱ ማነው ብዬ አልጠይቅሽም። ልጅ የአላህ ነው። ግን በዚህ ውርጭ ጓሮ አታሳድሪው፤ ቤት አስገቢው።"

እኔ ወደ እናቴ ዞርኩ። ቀድማ የገባት እናቴ ናት። ለካ ሰው በአጥር እያየን ኖሯል! ከመጣሁ ጀምሮ ከቤት አልወጣሁ፣ እግሬ አብጧል፣ ማታ ማታ ጓሮ በጋቢ የምጠቀልለው ነገር አለ፣ እናቴ ስትጠየቅ ወሬ ትቀይራለች። ከዐረብ አገር ዲቃላ ይዛ መጣች ተብሎ አልቋል።

እናቴ እጃቸውን ይዛ ወደ ጓሮ ወሰደቻቸው። ጋቢውን ገፈፈችው። ያቺ አትጠቁሙ ስትል የከረመች ሴትዮ ጣቷን ቀስራ "ይኸውልሽ የልጅ ልጄ" አለቻቸው።

እትዬ ዘሀራ ዱባውን አዩት። ማሻላህ አሉ፤ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ። እናቴም ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ መሃል ላይ ግን ወደ ልቅሶ ተለወጠና ማቆም አቃተኝ። ስንት ልጅ አዝዬ፣ ስንቱን አቅፌ፣ አንድ ቀን የኔ ነው ተብሎ ገንፎ ቢመጣልኝ ዱባ ሆኖ ተገኘ።

እትዬ ዘሀራ ሳቃቸውን አቆሙ። ቤት አስገብተው አስቀመጡኝና ገንፎውን በቅቤው አጥቅሰው ወደ አፌ አመጡት። ኧረ ጾም ነው ልል ስል እናቴ ፊቷን አዙራ "ተዪ፣ ብይ" አለችኝ።

"ብይ ልጄ" አሉኝ እትዬ ዘሀራ። "አራስ ባትሆኚም ደክሞሻል።"

በላሁ። ከተመለስኩ ጀምሮ ደክሞሻል ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የሚጠይቀኝ ምን ይዘሽ መጣሽ ብሎ ነበር።

ወሬውን ያጠፉልኝም እሳቸው ናቸው። በየቤቱ ዞረው ተናገሩ፤ ሰፈሩ ዱባ ሊያይ ጎረፈ። ለጽዮን ዱባው ወጥ ተሠርቶ ማኅበርተኞቹ መጡ። ያሙኝም በሉ፣ ጣታቸውን እየላሱ። እናቴ ያን ቀን ስትስቅ ዋለች።

አሁን ገበያ እወጣለሁ። ልጅሽ ደህና ነው ወይ የሚሉኝ ቀልደኞች አሉ፤ ደህና ነው እላለሁ። ዘንድሮም ቀብሬያለሁ። ድካሙ ግን አልለቀቀኝም፤ አንዳንድ ጠዋት ጋቢውን ስገልጥ ሆዴ ይባባል። እንደዚያ ሲሆንብኝ እትዬ ዘሀራ ቤት እሄዳለሁ። ምን ሆንሽ አይሉኝም። ቁጭ በይ ብለው የሚበላ ያቀርቡልኛል።