የኦቦ ዳዲ ምርቃትና የላሊሴ ኳርኮች

ቡራዩ ውስጥ ጋራዥ ሲከፈት፣ ሚኒባስ ሲገዛ፣ ሰርግ ሲደገስ ኦቦ ዳዲ ሳይጠሩ አይቀሩም። የባሕር ዛፍ ነጋዴ ናቸው፤ ሰው የሚፈልጋቸው ግን ለምርቃታቸው ነው። እንደ ሌላው ሽማግሌ «ይቅናችሁ» ብለው አይገላገሉም። ለሚኒባሱ ፍሬኑን፣ ለጋራዡ ብየዳውን፣ ለሙሽሮቹ ጎጇቸውን በስሙ እየጠሩ ይመርቃሉ። የማያውቁትን መመረቅ ለእሳቸው በጨለማ ድንጋይ መወርወር ነው፤ ማንን እንደሚፈነክት አይታወቅም።

እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ በገዛ ልጃቸው የተቸገሩት። ላሊሴ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ስታጠና ቆይታ ነገ የመመረቂያ ጥናቷን መምህራን ፊት ታቀርባለች። ካለፈች ለዶክትሬት አውሮፓ ትሄዳለች። ጎረቤት ሳሎን ተሰብስቦ ምርቃቱን ይጠብቃል፤ አባት ምን ብለው እንደሚመርቁ ጠፍቷቸዋል።

«እስቲ ድገሚልኝ» አሏት ጓሮ ወስደው።

«አባ፣ ፕሮቶን የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ነገሮችን በኃይል ያጋጯቸዋል። ከግጭቱ ኳርክ የሚባል ከባድ ቅንጣትና ተቃራኒው አብረው ይወለዳሉ። አንዳንዴም ሳይበታተኑ ይጣመራሉ። የእኔ ጥናት እሱ ነው።»

«ተጋጭተው ሲያበቁ ይጣመራሉ?»

«አይ፣ የሚጋጩት ሌሎች ናቸው።»

«ታዲያ እነዚህ ከየት መጡ?»

«ከግጭቱ ጉልበት።»

ኦቦ ዳዲ ጭራሽ ግራ ገባቸው። ስንት ባልና ሚስት አስታርቀዋል፤ ከሌላ ሰው ጠብ የተወለደ ጋብቻ ግን ገጥሟቸው አያውቅም። መጣመር የምትለዋን ቃል ብቻ ይዘው ሳሎን ገቡ። እሷን እንኳ ያውቋታል።

እጃቸውን ዘረጉ። «ኳርኮቹ ይጣመሩ!»

«ሃ ታኡ! ይሁን!» አለ ጎረቤቱ።

«ጥምረታቸው ለዘላለም አይፍረስ!»

«ሃ ታኡ!»

ላሊሴ ብቻ «ሃ ታኡ» አላለችም። አባትየው ወደ እሷ ዞሩ።

«ምን አጠፋሁ?»

«አባ… ካልፈረሰማ ጥናት የለኝም። ተጣምረው ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አይቆዩም። ጥምረቱ ሲፈርስ ሁለት ቅንጣቶች ወጥተው ይሄዳሉ፤ መሣሪያው የሚያየው እነሱን ነው። ካልሄዱ፣ አብረው የነበሩ መኖራቸውን ማንም አያውቅም።»

«ካፍ ከወጣ አፋፍ!» አሉ ሚስታቸው ገለቴ፣ ደረታቸውን ይዘው። «ምርቃት ተመልሶ ያውቃል?»

ኦቦ ዳዲ ላብ አጠመቃቸው። አይፍረስ ያሉት ባለማወቅ ነው ወይስ ልባቸው ልጄ አትሂድብኝ ብሎ አፋቸውን መራው? ይህንንም አላወቁም። «ይፍረስ» ደግሞ እርግማን ነው፤ በዚህ ዕድሜያቸው ካፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

ቢሆንም እንደገና እጃቸውን ዘረጉ።

«ይፍረስ» አሉ።

ጎረቤቱ እርስ በርሱ ተያየ።

«ይፍረስ፤ የሚሄዱትም ይሂዱ። በደህና ሄደው ይታዩ። አብረን እንደነበርን ይታወቅ።»

ላሊሴ ብቻ እንባዋን እየጠረገች «ሃ ታኡ» አለች።